ያልነበረ መዝሙር በነበረ ምሽግ፦ «ዧዬ ኖኤል» እና የጦር ታሪክ ደጋሚዎች

የጦር ታሪክ ደጋሚዎች፣ ማለትም በገዛ ገንዘባቸውና በትርፍ ጊዜያቸው የአንድን ዘመን ወታደር ልብስ፣ ትጥቅና የምሽግ ኑሮ መልሰው የሚያሳዩ ሰዎች፣ ስለ ጦርነት ፊልም ሲናገሩ ምሕረት አያውቁም። ኮፍያው ከዘመኑ አንድ ዓመት ቀድሞ ከታየ ወይም የጥይት መያዣው የሌላ ክፍለ ጦር ከሆነ፣ ተዋናዮቹ የቱንም ያህል ቢደክሙ ፊልሙን ያጣጥሉታል። ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ሁኔታን ነው፤ እሱም የፈረንሳዩ ዳይሬክተር ክርስቲያን ካሪዮን በ2005 ያወጣው «ዧዬ ኖኤል»፣ በእኛ አባባል «መልካም ገና»፣ የተሰኘ ፊልምና በተለይም ሙዚቃው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ደጋሚዎች ዘንድ ያገኙት ፍቅር ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ ከአንድ የአድዋ በዓል ቀን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካቲት 23 ቀን የአርበኛ ልብስ ለብሶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ፣ እየሸለለና እየፎከረ አደባባይ የሚወጣውን ሕዝብ ላየ ኢትዮጵያዊ የነገሩ ስሜት እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ አውሮፓውያኑ ነገሩን ወደ ጥብቅ ሙያ መቀየራቸው ነው፤ በብዙዎቹ ማኅበራት ዘንድ አንድ አባል የሚለብሰው ኮት የጨርቁ ክብደትና የስፌቱ አቅጣጫ ሳይቀር ከቤተ መዘክር ናሙና ጋር ይመሳከራል፣ በሰነድ ያልተረጋገጠ ዕቃም ወደ ምሽጉ አይገባም። የጉዳዩ ቋጠሮም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከፊልሙ ሙዚቃ ሁሉ ይበልጥ የወደዱት መዝሙር በ1914 ያልነበረ፣ ለፊልሙ ሲባል የተደረሰ አዲስ ዜማ ነው።

በመጀመሪያ እውነተኛውን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በታኅሣሥ 1914፣ ጦርነቱ ከተጀመረ አምስተኛው ወር ላይ፣ በቤልጂግና በሰሜን ፈረንሳይ ጦሮቹ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ያለው ርቀት ከ100 ሜትር አይበልጥም ነበር። በገና ዋዜማ ጀርመኖች ከአገር ቤት የተላኩላቸውን ትናንሽ የገና ዛፎች በሻማ አብርተው ከምሽጉ አፋፍ ላይ ተከሉና መዘመር ጀመሩ፤ ከወዲያ በኩል መልስ መጣ፤ በማግስቱም በብዙ ቦታ ወታደሮች ያለ መሣሪያ ወጥተው ተጨባበጡ፣ መካከል ላይ ወድቀው የነበሩ አስከሬኖችን ቀበሩ፣ ትምባሆና ምግብ ተለዋወጡ። በእንግሊዝና በጀርመን መስመር ላይ ብቻ በዚህ ሁኔታ የተሳተፉት እስከ 100,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በፈረንሳዮችና በቤልጂጎች መስመር ላይም መቀራረብ ነበረ፤ ነገር ግን ጠላት የገዛ መሬታቸውን ይዞ ስለ ተቀመጠ ነገሩ ጠበብ ያለና በዝምታ የተያዘ ነበር።

ታሪክ ደጋሚዎች ይህን ቀን የሚወዱበት ምክንያት ከጥቃቅን ዝርዝሮቹ ብዛት የተነሣ ይመስለኛል። በቤልጂግ በፕሎግስቴርት ጫካ አጠገብ በሳን ኢቭ መንደር የነበረውና በኋላ በቀልድ ሥዕሎቹ የታወቀው የእንግሊዙ የሮያል ዋሪክሻየር ክፍለ ጦር መኮንን ብሩስ ባርንስፋዘር፣ የአንድ ጀርመናዊ መኮንን ኮት ቁልፎች ዓይኑ ስለ ገቡ በሽቦ መቁረጫው ሁለቱን ቆርጦ ወስዶ በምትኩ ከራሱ ኮት ሁለት እንደ ሰጠው ጽፏል። እዚያው አጠገብ በሲቪል ሕይወቱ ፀጉር አስተካካይ ነገር የነበረ አንድ መትረየስ ተኳሽ የአንዱን ጀርመናዊ ፀጉር ሲከረክም አይቷል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ በፍረሊንጊየን ደግሞ ሮያል ዌልች ፉዚሊየርስ የተባለው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ሻምበል ስቶክዌል ሰላሙ የሚያበቃበት ሰዓት ሲደርስ ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ተኩሶ የገና መልካም ምኞት የተጻፈበት ጨርቅ ከምሽጉ ላይ ሰቀለ፤ ጀርመኖቹም የምስጋና ቃል የጻፉበትን አንሶላ አወጡ፤ ሁለቱ አዛዦች ከየምሽጋቸው አፋፍ ላይ ቆመው እጅ ተነሣሡና ጀርመናዊው ሁለት ጥይት ወደ አየር ተኩሶ ወረደ። ጦርነቱ ቀጠለ። ቁልፍን ከቁልፍ እየለየ ለሚሰበስብ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጣፍጥ ታሪክ ማግኘት ከባድ ነው።

ፊልሙ ከመውጣቱ 6 ዓመት አስቀድሞ፣ በታኅሣሥ 1999፣ ካኪ ቸምስ በሚል ስም የሚታወቅ የእንግሊዝ ማኅበር አባላት የ1914 ልብስና ትጥቅ ይዘው በዚያው በፕሎግስቴርት አካባቢ ምሽግ ቆፈሩ፤ በክረምቱ ብርድና ጭቃ ውስጥም የዚያን ጊዜ ወታደር ኑሮ ለጥቂት ቀናት ኖሩ። ሲሄዱ ምሽጉን መልሰው ደፈኑት፤ 85ኛውን ዓመት የሚያስታውስ ተራ የእንጨት መስቀልም ተክለው ነበር። መስቀሉ ለጊዜው ብቻ የቆመ ሲሆን፣ የአካባቢው ሰዎች ግን እንጨቱን እንዳይበሰብስ ቀብተው መሠረቱን በሲሚንቶ አጸኑት። በገናው ሰላም ጊዜ ወታደሮቹ ኳስ ተጫውተዋል ስለሚባል፣ ዛሬ ጎብኚዎች ከሥሩ የእግር ኳስ ያስቀምጡበታል። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፦ ፊልሙ ለታሪክ ደጋሚዎቹ ስለ ገናው ሰላም ያስተማራቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ስሜቱም፣ ቦታውም፣ ልብሱም በእጃቸው ነበር። የጎደላቸው ድምፅ ነበር።

ካሪዮን በ1963 የተወለደ የሰሜን ፈረንሳይ ገበሬ ልጅ ነው፤ ያደገበት መሬት እስከ ዛሬ ማረሻ በነካው ቁጥር የዚያን ጦርነት ብረታ ብረት ያወጣል። የገናውን ታሪክ ያገኘው በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን በትምህርት ቤት ስለ ጉዳዩ ማንም እንዳልነገረው በተደጋጋሚ ተናግሯል። ፊልሙን በፈረንሳይ ጦር ይዞታ ሥር ባለ መሬት ላይ ለመቅረጽ ፈቃድ ቢጠይቅም፣ ሠራዊቱ ስለ ዐመፅ በሚናገር ፊልም ተባባሪ መሆን እንደማይችል የሚገልጽ መልስ እንደ ደረሰው ራሱ ተናግሯል፤ ስለዚህ የምሽጉ ክፍል ሩማንያ ውስጥ ተቀረጸ። በ2005 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከውድድር ውጭ ቀርቦ፣ በኅዳር ወር በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ታየ፤ በቀጣዩ ዓመትም ለውጭ አገር ፊልም ኦስካር ታጨ።

በልብስ ረገድ ፊልሙ የታሪክ ደጋሚዎቹን የመጀመሪያ ፈተና ያልፋል። ፈረንሳዮቹ ቀይ ሱሪና ኬፒ የተባለውን የጨርቅ ቆብ ለብሰዋል፤ ፈዛዛ ሰማያዊው ዩኒፎርምና የብረት ቆቡ የመጡት በ1915 ነውና እዚህ አይታዩም። ጀርመኖቹ ሹል ጫፍ ያለውን የቆዳ ቆብ በጨርቅ ሸፍነው ይታያሉ፤ ስኮትላንዶቹ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። በፈረንሳዮቹ እጅ ያለው ሌበል የተባለው ጠመንጃ፣ በአድዋ ዘመን አገራችን ውስጥ ውጅግራ ተብሎ የታወቀውን፣ በፈረንሳይኛ «ግራ» (Gras) የሚባለውን ጠመንጃ የተካ መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ልብሱ ትክክል መሆኑ ፊልሙን ለመቀበል በር ከፈተ እንጂ ለፍቅሩ ምክንያት አልሆነም።

በታሪኩ ረገድ ግን ፊልሙ ብዙ ነፃነት ወስዷል። ሦስት አገሮች በአንድ የእርሻ ግቢ ዙሪያ ጎን ለጎን ይፋጠጣሉ፤ በተለያየ ቦታ የሆኑ ነገሮች በአንድ ሌሊት ተጠቃለዋል፤ ከሁሉም በላይ አንዲት የኦፔራ ዘፋኝ ከበርሊን ተነሥታ እስከ ግንባር ምሽግ ትደርሳለች። በፊልሙ ውስጥ ሽፕሪንክ ለተባለው ዘፋኝ ጀርመናዊ ወታደር ግን እውነተኛ መነሻ አለው፤ የበርሊን ኦፔራ ዘፋኝ የነበረው ቫልተር ኪርኾፍ በዚያ ገና ሌሊት ለጀርመን ወታደሮች ሲዘምር ከወዲያ ያሉት ፈረንሳዮች አጨብጭበው እንደገና እንዲዘምር እንዳደረጉት የጀርመን አልጋ ወራሽ በማስታወሻው ጽፏል። በፈረንሳይና በጀርመን ምሽጎች መካከል እየተመላለሰ በአንዱ ዘንድ ኔስቶር፣ በሌላው ዘንድ ፌሊክስ የሚባለው ድመት ግን በእኔ አስተያየት የፊልሙ ምርጥ ተዋናይ ነው።

ወደ ሙዚቃው እንምጣ። ደራሲው ፊሊፕ ሮምቢ ሲሆን በፈረንሳይ ሲኒማ ከዳይሬክተሩ ፍራንሷ ኦዞን ጋር በሠራቸው ሥራዎች ይታወቃል። የሥራው ብልሃት አሮጌውንና አዲሱን ዜማ በቅደም ተከተል ማሰለፉ ላይ ነው። በመጀመሪያ ስኮትላንዶቹ ምሽጋቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ በጋሪ ሉዊስ የተተወነው ቄስ ፓልመር የከረጢቱን ዋሽንት፣ ባግፓይፑን፣ ይዞ እያጀባቸው፣ ስለ አገር ቤት ናፍቆት የሚናገር ቀስ ያለ መዝሙር ያዜማሉ። ይህ ሮምቢ ለፊልሙ የደረሰው ነው፤ በፈረንሳይኛ የተወዳጁት ወታደሮች መዝሙር ተብሎ ይጠራል። ጀርመኖቹ ከወዲያ ሆነው ያዳምጣሉ። ከዚያ በኋላ ወታደሩ ዘፋኝ ሽፕሪንክ በ1818 ኦስትሪያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረውን «ሽቲለ ናኽት» (ጸጥተኛ ሌሊት) የተባለውን የገና መዝሙር ይጀምራል፤ ባግፓይፑ ከወዲያ ማዶ ተቀብሎ ያጅበዋል፤ ጭብጨባ ይሰማል። ቀጥሎ ባግፓይፑ «አዴስቴ ፊዴሌስ» የተባለውን የላቲን መዝሙር ሲጀምር፣ ሽፕሪንክ ትንሿን የገና ዛፍ ይዞ እየዘመረ ወደ ባዶው መሬት ይወጣል።

ተመልካቹ ሦስቱን በተከታታይ ስለሚሰማቸው የመጀመሪያውንም እንደ ሁለቱ አሮጌ አድርጎ ይቀበለዋል። ታሪክ ደጋሚው ቢያውቅም እንኳ ጆሮው ይታለልለታል። ዜማው የታነጸው እንደ ባህል መዝሙር ነው፦ ያልሠለጠነ ድምፅ የሚደርስባቸው ኖታዎች፣ አጭር ስንኝ፣ ተደጋግሞ የሚመለስ መዝጊያ፣ ከሥሩም የባግፓይፑ የማያቋርጥ ጥልቅ ድምፅ። ባግፓይፕ ዘጠኝ ኖታ ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግም አይቻልበትም፤ በመሆኑም ከሱ ጋር የሚሄድ መዝሙር ግድ ቀላል ይሆናል። ፊልሙ በሚዘጋበት ትዕይንት ሮምቢና ካሪዮን ይህን ቀላልነት ሥራ ላይ አውለውታል። ለቅጣት ወደ ምሥራቅ ግንባር የሚላኩት ጀርመኖች ባቡር ውስጥ ተዘግተው ሳለ አልጋ ወራሹ የአንዱን ወታደር ሃርሞኒካ በጫማው ይሰባብርበታል፤ እሱ ሲወርድ ወታደሮቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከስኮትላንዶቹ የሰሙትን ያንኑ ዜማ ማጉረምረም ይጀምራሉ። ቃሉን አያውቁትም፤ ዜማው ግን ተሻግሯል።

ለታሪክ ደጋሚዎች ይህ ትዕይንት ልብ ከመንካት በላይ ሥራ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ የአጠቃቀም መመሪያም ሰጥቷቸዋልና። በአንድ ካምፕ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ቡድኖች ሲገናኙ የጋራ ዘፈን ማግኘት ያስቸግራል፤ ከየራሳቸው የ1914 የሰልፍ ዘፈኖች አንዳንዶቹ ሌላውን የሚያንቋሽሹ ናቸው፣ የገና መዝሙሮቹም የሚዘመሩት በየቋንቋው ነው። ይህኛው ግን አንድ ባግፓይፕ ነፊ ከተገኘ የቀረው ሰው አፉን ዘግቶ ሊከተለው ይችላል። መለማመድ አያስፈልገውም፤ የማንንም ባንዲራ አያወድስም፤ ማሸነፍንም መሸነፍንም አያነሣም። ዜማው ለባግፓይፕ ባንዶችና ለመዘምራን ተዘጋጅቶ በጦርነቱ መታሰቢያ ሥነ ሥርዓቶች ላይ መሰማቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

መዝሙሩን በካምፕ በማሰማት ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጥብቆቹ፣ ማለትም ሰነድ የሌለውን ነገር የማይቀበሉት ደጋሚዎች፣ የሚሉት በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የ2005 ሬዲዮ ይዞ ወደ 1914 ምሽግ መግባት ካልተፈቀደ የ2005 ዜማ ይዞ መግባትም ሊፈቀድ አይገባም፤ ጎብኚው ሕፃን ወታደሮቹ በእርግጥ ይህን ዘመሩ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳልና። ልብስ ለዓይን እንደሆነው ሁሉ ዜማ ለጆሮ ማስረጃ ነው፤ እንዲያውም ሰው የሰማውን ከመርሳቱ በፊት ያየውን ይረሳል። በሌላ በኩል ያሉት የሚመልሱት፣ ታሪክ ደጋሚ ራሱ የዛሬ ሰው መሆኑን፣ ጥይቱም ባዶ፣ ቁስሉም ሐሰት መሆኑን፣ ስለዚህ ፍጹም እውነት የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ነው። ይህ የኋለኛው ክርክር ለእኔ ደካማ ነው፤ በእሱ ሚዛን ከሄድን ማንኛውንም ስሕተት ማስገባት ይቻላል፣ ቁልፍ መቁጠሩም ከንቱ ይሆናል።

ከሙዚቃው ውስጥ ደጋሚዎቹ ሳይወስዱት የቀረው ክፍልም ነገሩን ያብራራል። ዳያን ክሩገር የተጫወተቻት ዘፋኝ በቅዳሴው ጊዜ ሮምቢ የደረሰውን «አቬ ማሪያ» ታሰማለች፤ ድምፁ የታዋቂዋ ሶፕራኖ የናታሊ ደሴ ሲሆን ለቤኖ ፉርማን ሽፕሪንክም የዘፈነለት ሮላንዶ ቪያዞን ነው። ዘፈኑ እጅግ ያምራል፤ ችግሩ ማማሩ ነው። በበረዶ መካከል፣ ትንፋሽ በሚተንበት ብርድ፣ ከስቱዲዮ የወጣ የጠራ ድምፅ ይሰማል፤ የተዋናይቱ ከንፈርና ድምፁም አልፎ አልፎ ይለያያሉ። ቦታውን በእግሩ ረግጦ ምሽግ ውስጥ ያደረ ሰው ጭቃና ክፍት ሜዳ ድምፅን እንዴት እንደሚውጡ ስለሚያውቅ እዚህ ላይ ከፊልሙ ይወጣል። የወደዱት የከረረውን የባግፓይፕ ድምፅና የተራ ወንዶችን ያልተስተካከለ ዝማሬ ነው። ፊልሙን ወደዱት ሲባል ታዲያ በጅምላ መወሰድ የለበትም፤ ጥብቅነታቸው ከልብሱ ወደ ድምፁ ተሻግሮ እዚያም መርጧል።

ከፊልሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት የገናው ሰላም ከጥቂት ወዳጆች እጅ ወጥቶ የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። በኅዳር 11 ቀን 2008 በፍረሊንጊየን መታሰቢያ ተመርቆ የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮች ኳስ ተጫወቱ። በ2014፣ መቶኛው ዓመት ሲከበር፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ሚሼል ፕላቲኒ በፕሎግስቴርት ሐውልት መረቀ፤ በዚያው ታኅሣሥ ወርም ታሪክ ደጋሚዎች በቦታው ተሰብስበው የምሽጉን ሰላምና የኳስ ጨዋታውን በዘመኑ ልብስ ደገሙት። ካሪዮን ራሱ ደግሞ አንድ የቆየ ምኞት እንዲፈጸም ታግሏል። በሙያው በርሜል ሠሪ የነበረው ፈረንሳዊው የአሥር አለቃ ሉዊ ባርታስ በታኅሣሥ 1915 በሰሜን ፈረንሳይ በኑቪል ሳን ቫ አካባቢ ዝናብ ምሽጎቹን ሞልቶ ወታደሮቹን ከሁለቱም ወገን በአንድ ላይ ሲያስወጣቸው አይቶ፣ ምናልባት አንድ ቀን በዚህ ሥፍራ ሐውልት ይቆም ይሆናል የሚል ተስፋ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አስፍሮ ነበር። ሐውልቱ ካሪዮን በመሠረተው ማኅበር ጥረት ተሠርቶ በታኅሣሥ 17 ቀን 2015 በፕሬዚዳንት ፍራንሷ ኦላንድ ተመረቀ። ፊልሙ ወደ ሙዚቃ መድረክም ተሻግሯል፤ አሜሪካዊው ኬቪን ፑትስ ከፊልሙ ተነሥቶ የደረሰው ኦፔራ በ2011 በሚኔሶታ ታይቶ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል። የሚገርመው የኦፔራው ሽልማት ለታሪክ ደጋሚዎቹ ያን ያህል ትርጉም ያለው አይመስልም፤ ኦፔራ ወደ ካምፕ ይዘው የሚሄዱት ነገር አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርድ እንድሰጥ ብጠየቅ መዝሙሩን አልከለክልም፣ ቦታውን ግን እወስናለሁ። በመርሐ ግብሩ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ለጎብኚ የሚታየው ትዕይንት ነው፣ ሌላው ከትዕይንቱ በኋላ ቡድኖቹ ለሞቱት የሚያደርጉት መታሰቢያ ነው። በትዕይንቱ ጊዜ ጎብኚው የ1914ን ምሽግ ነው ሊያይ የመጣው፤ እዚያ «ሽቲለ ናኽት» እና «አዴስቴ ፊዴሌስ» በበቂ ሰነድ ስለሚደገፉ ባግፓይፕ ነፊውም ሥራ አያጣም። መታሰቢያው ግን የዛሬ ሰዎች ተግባር ነው፤ ዛሬ የተሠራ ሐውልት ሥር ቆሞ ዛሬ የተደረሰ ዜማ ማሰማት የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የ1999ኙ የእንጨት መስቀልም ቢሆን ከ1914 የተረፈ አልነበረም። ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ደግሞ ዜማው የፊሊፕ ሮምቢ መሆኑን፣ ከ2005 ፊልም መምጣቱን በአንድ መስመር ጽፎ ቢናገር፣ ጥብቆቹ ያነሡት ዋነኛ ስጋት በዚያው ይወገዳል።

ይህን መለያየት ለማድረግ የሚያስቸግረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ማታ ጎብኚዎች ከሄዱ በኋላ፣ እሳት ዙሪያ፣ ልብሱ ገና ሳይወልቅ ያለው ጊዜ ነው። ያኔ ትዕይንትም አይደለም፣ መታሰቢያም አይደለም፤ ማንም ሳያዝዝ አንዱ ከጀመረው ሌሎቹ ይከተሉታል። ለዚያ ሰዓት ደንብ ማውጣት የማኅበሩ ሥራ አይመስለኝም።